የሮቶ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ቺፕ እንዳይቃጠል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሚያዝያ 4

ጠረጴዛው ላይ ሦስት የሞቱ ቦርዶች አሉ። ሦስቱም ሥራቸው አንድ ነበር፦ ከታች ታንከር ወደ ጣሪያ ሮቶ ውሃ የሚገፋ ባለ 0.37 ኪሎዋት ፓምፕ መቆጣጠር። አእምሯቸው ኢኤስፒ32 የተባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ ነው። የሚሠሩት በ12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሲሆን ባትሪው ከቻርጀር አይነቀልም። አንድ ፍሎት (በውሃው ከፍታ የሚዘጋና የሚከፈት ተንሳፋፊ ማብሪያ) ታች፣ አንድ ፍሎት ላይ አለ፤ የላይኛው ሽቦ 25 ሜትር ይጓዛል። ትንሽ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ) የኮንታክተሩን፣ ማለትም የትልቁን ሪሌ፣ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ታበራለች፣ ኮንታክተሩ ደግሞ 220 ቮልቱን ለፓምፑ ይሰጣል።

አዲስ ቦርድ ከመሥራታችን በፊት የሞቱት በምን እንደሞቱ ማወቅ አለብን። ለዚህ ቴስተር ይበቃል። ባትሪው ተነቅሎ፣ ቴስተሩ ዳዮድ መለኪያ ላይ ሆኖ፣ ቀዩ ዘንግ ግራውንድ ላይ፣ ጥቁሩ በየፒኑ ላይ። ጤነኛ ፒን ከ0.4 እስከ 0.7 ባለው ውስጥ ያሳያል፤ ይህ ቺፑ ውስጥ የተሠራው መከላከያ ዳዮድ ነው። የአጎራባች ፒኖች ንባብ መቀራረብ አለበት። ወደ ዜሮ የወረደ ፒን ሾርት ሆኗል፤ ምንም የማያሳይ ፒን ውስጡ ተበጥሷል።

አንደኛው ቦርድ፦ የላይኛው ፍሎት የሚገባበት ፒን 0.02፣ ሌሎቹ ሁሉ 0.5 አካባቢ። በረጅሙ ሽቦ የመጣ ነገር ነው የገደለው።

ሁለተኛው፦ የ3.3 ቮልቱ መስመር ከግራውንድ ጋር 4 ኦም። ባትሪው ተገልብጦ ተሰክቶ ነበር። የሚገርመው ለመገልበጥ መከላከያ ተብሎ ፒ-ቻናል ሞስፌት (እንደ ማብሪያ የሚሠራ ትራንዚስተር) ተበይዶበታል፤ ግን ድሬይንና ሶርስ የሚባሉት ሁለት እግሮቹ ተለዋውጠዋል። ትክክለኛው ድሬይን ወደ ባትሪ፣ ሶርስ ወደ ቦርድ ነው። ብዙ ሰው «ሶርስ ማለት ምንጭ» ብሎ ወደ ባትሪ ያደርገዋል። እንዲያ ሲሆን በቀጥታው ጊዜ ቦርዱ ደህና ይሠራል፣ ማንም አይጠረጥርም፤ ባትሪው የተገለበጠ ዕለት ግን ሞስፌቱ ውስጥ ያለው ዳዮድ በሩን ከፍቶ ያሳልፋል።

ሦስተኛው፦ ቮልቴጅ ቀናሹ ኤልኤም2596 ከመግቢያው እስከ መውጫው ሾርት። 12 ቮልቱ በቀጥታ ወደ ኋላ አልፏል። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ውጭ አይደለም፤ ቮልቴጅ የሚቀንሰው ክፍል ራሱ ሲሞት የኋላውን ይዞ ሞተ።

ሚያዝያ 6

የኢኤስፒ32 ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) ላይ ሁለት ቁጥሮች ቀይ መስመር ናቸው። የኃይል መግቢያው ጣሪያ 3.6 ቮልት ነው። ፒን ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከኃይል መግቢያው በ0.3 ቮልት ብቻ ቢበልጥ ነው። ይህን ካለፈ ከረንት በውስጠኛው ዳዮድ ይገባል። ትንሽ ከሆነ ያልፋል፤ ብዙ ከሆነ ወይ ዳዮዱ ይቀልጣል፣ ወይ ደግሞ የባሰው ይመጣል፦ እንዲህ ባለ (ሲሞስ) ቺፕ ውስጥ ሳይፈለግ የሚፈጠረው የኤስሲአር (አንዴ ከተከፈተ ከረንቱ እስኪቋረጥ የማይዘጋ ማብሪያ) ቅርጽ ይነሣና ኃይልን ከግራውንድ ጋር ያገናኛል። ይህ ላች-አፕ ይባላል። ምልክቱ ቺፑ ጣት የማያስነካ ትኩስ መሆኑና መንስኤው ከጠፋም በኋላ ኃይል እስኪነቀል አለመለቀቁ ነው። ቶሎ ከነቀሉት አንዳንዴ ይተርፋል።

ስለዚህ በየበሩ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ትርፉ ከረንት በየት ገብቶ በየት ይመለሳል? ዳዮድ ደርድሮ መመለሻውን ያላሰበ ሰው አደጋውን ወደ ሌላ ፒን ነው ያዛወረው። አራት በር አለን፦ የባትሪ ሽቦ፣ የፍሎት ሽቦ፣ የሪሌ ኮይል፣ የሰው እጅ።

ሚያዝያ 9

የባትሪ በር። ቅደም ተከተሉ ከስክሩ ጀምሮ፦ 1 አምፔር ፈጣን የብርጭቆ ፊውዝ፣ ከዚያ ፒ6ኬኢ18ሲኤ የተባለ ቲቪኤስ (ቮልቴጅ ሲዘል ብቻ የሚከፍት) ዳዮድ ወደ ግራውንድ፣ ከዚያ በመስመሩ ላይ 1ኤን5822 ሾትኪ ዳዮድ፣ ከዚያ 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር።

ቲቪኤሱ የተመረጠው በሒሳብ ነው። ባትሪው ሲሞላ 14.4 ቮልት ይደርሳል፤ ዳዮዱ እስከ 15.3 ቮልት ዝም ይላል፣ ከ17.1 እስከ 18.9 መካከል መክፈት ይጀምራል፣ በሙሉ ጫናው (24 አምፔር አካባቢ) 25.2 ቮልት ላይ ይገታል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው የኋላውን ዕቃ የሚወስነው። ኤልኤም2596 እስከ 40 ቮልት ይችላል፣ ደህና ነው። ካፓሲተሩ ግን ባለ 25 ቮልት ተደርጎ ነበር፤ ወደ ባለ 35 ቀየርነው። «ባለ 12 ቮልት መስመር ስለሆነ 16 ቮልት ይበቃል» የሚለው ሒሳብ ቲቪኤሱ 25 ቮልት የሚያሳልፍባትን ቅጽበት ይረሳል።

መጨረሻው ላይ «ሲኤ» የሚለው ጽሑፍ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ማለት ነው። «ኤ» ብቻ ከሆነ ባትሪው በተገለበጠ ቁጥር እንደ ተራ ዳዮድ ያሳልፍና ፊውዙን ያቃጥላል። መከላከሉን ይከላከላል፣ ግን ለአንድ የእጅ ስህተት ፊውዝ መቀየር አያስፈልግም።

ሞስፌት ለምን ቀረ? እዚህ ጥቅም ስለሌለው። ከ12 ወደ 5 ቮልት ስንወርድ ሾትኪው የሚበላት 0.35 ቮልት አትጎዳንም። በተጨማሪ የባትሪው ቮልቴጅ ለቅጽበት ሲወድቅ ዳዮዱ የካፓሲተሩን ቻርጅ ወደ ኋላ አያስፈስስም። ሞስፌት የሚያምረው ከረንቱ በብዙ አምፔር ሲሆን ነው።

ኤልኤም2596 ሞጁሉ ላይ ያለችው በካቻቪቴ የምትዞር ትንሽ ሬዚስተር ተነቅላለች። ሁለት ምክንያት አለ። አዲስ ሞጁል ስንት ቮልት ላይ ተስተካክሎ እንደመጣ አይታወቅም፤ ሳይለካ ቺፕ ላይ ያስገባ ብዙ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ተንሸራታቿ በአቧራ ወይም በዝገት ስትላቀቅ መቆጣጠሪያው «ቮልት የለም» ብሎ ያስብና ሙሉ በሙሉ ይከፍታል፤ መውጫው ወደ 12 ቮልት ይጠጋል። በምትኩ ሁለት ቋሚ ሬዚስተር፦ ከታች 1 ኪሎ ኦም፣ ከላይ 3 ኪሎ ኦም። የኤልኤም2596 ማነጻጸሪያ ቮልቴጅ 1.23 ሲባዛ በ4፣ 4.92 ቮልት። ከዚያ ኤኤምኤስ1117 ወደ 3.3 ያወርደዋል፤ የሚቀረው 1.62 ቮልት ልዩነት ይበቃዋል። በ0.25 አምፔር የሚያወጣው ሙቀት 0.4 ዋት ብቻ ነው። ከ12 ቮልት በቀጥታ ቢሆን ከ2 ዋት በላይ ይሆን ነበር፤ ያችን የምታህል ዕቃ ይህን አትችልም።

ሚያዝያ 10

የሦስተኛው ቦርድ ሞት እንዳይደገም በ5 ቮልቱ መስመር ላይ የመጨረሻ ዘብ፦ ቢቲ151 ኤስሲአር ከ5 ቮልት ወደ ግራውንድ፣ ጌቱ (የሚያስነሣው እግር) በዜነር ዳዮድ (ከተወሰነ ቮልት በላይ ብቻ በሚያሳልፍ) ከ5 ቮልቱ ጋር የተያያዘ፣ ከጌት ወደ ግራውንድ 470 ኦምና 0.1 ማይክሮ ፋራድ ጎን ለጎን። ቮልቴጁ ካለፈ ኤስሲአሩ መስመሩን ሆን ብሎ ሾርት ያደርገዋል፣ የፊት ፊውዙ ይቃጠላል፣ ቺፑ ይተርፋል።

መጀመሪያ 5.1 ቮልት ዜነር ነበር የገባው። አልሠራም። በሚበራበት ቅጽበት መውጫው ትንሽ ዘለል ስለሚል ጤነኛውን ቦርድ ሾርት አደረገው። 5.6 ሲሆን ተረጋጋ፤ ቀስ ብለን ከፍ ስናደርገው 6.3 ቮልት ላይ ወደቀ። 0.1 ማይክሮ ፋራዷ ስትነሣ ኮንታክተሩ የኤሌክትሪክ ረብሻ በለቀቀ ቁጥር ኤስሲአሩ በከንቱ ይነሣል፤ ስለዚህ ትቀመጣለች።

ሙከራው ላይ አንድ ማሳሳቻ አለ። በሚስተካከል ፓወር ሳፕላይ፣ ከረንቱ 0.5 አምፔር ላይ ተገድቦ ሲሞከር ፊውዙ አይቃጠልም፤ ኤስሲአሩ ዝም ብሎ ይዞ ይቀመጣል። ሰውም «አልሠራም» ብሎ ይነቅለዋል። የፊውዙን መቃጠል ማየት የሚቻለው በእውነተኛ ባትሪ ነው። ኤልኤም2596ቱን በወፍራም ሽቦ ሾርት አድርገን ባትሪው ተሰካ፤ ፊውዙ ዓይን ሳይርገበገብ ሄደ፣ የ3.3 ቮልቱ መስመርም ከፍ አላለም። በፊውዝ ምትክ ራሱን የሚመልስ ፖሊፊውዝ እዚህ አይሆንም፤ ለመቆረጥ ሴኮንዶች ሊፈጅበት ይችላል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ኤስኤምቢጄ5.0ኤ ቲቪኤስ መተካት ይፈልጋል። ስሙ ላይ 5 ቮልት ስላለ ያታልላል። በሙሉ ጫና የሚገታው 9.2 ቮልት ላይ ነው። ለ3.3 ቮልት ቺፕ ያ መከላከያ አይደለም።

ሚያዝያ 14

የፍሎቱ በር። ብዙ ቺፕ የሚሞተው እዚህ ነው። 25 ሜትር ሽቦ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብረት ሮቶ ማቆሚያ ላይ ሲታሰር አንቴና ነው። መብረቅ ራሱ ሽቦው ላይ መውደቅ አያስፈልገውም፤ አጠገብ ሲመታ በሽቦው ላይ የሚነሣው ቮልቴጅ ብቻ ለፒን በቂ ነው። የአንደኛው ቦርድ ሽቦ ያለ ምንም ነገር ፒኑ ላይ ተበይዶ፣ በውስጠኛው ፑል-አፕ (ፒኑን ወደ 3.3 የሚስብ ሬዚስተር) ብቻ ይሠራ ነበር።

አዲሱ መስመር ከውጭ ወደ ውስጥ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ 250 ቮልት የሚችል 250 ሚሊ አምፔር ዘገምተኛ ፊውዝ። ቀጥሎ ባለ ሦስት እግር፣ ባለ 90 ቮልት የጋዝ ቱቦ መከላከያ (ቮልቴጅ ሲበዛ ውስጡ ያለው ጋዝ ነድዶ ወደ ኧርዝ የሚያስተላልፍ)፦ ሁለቱ እግሮች ለሁለቱ ሽቦ፣ መካከለኛው ለኧርዝ። ቀጥሎ ባለ ግማሽ ዋት 2.2 ኪሎ ኦም። ቀጥሎ የፒሲ817 ኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን ብቻ የሚያሻግር ዕቃ) ኤልኢዲ፣ በላዩ ላይ ተገልብጦ 1ኤን4148። በቺፑ በኩል የኦፕቶው ትራንዚስተር፣ 10 ኪሎ ኦም ወደ 3.3፣ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ወደ ግራውንድ።

ቁጥሮቹ፦ 12 ቮልት ሲቀነስ 1.2፣ ለ2200 ሲካፈል፣ 4.9 ሚሊ አምፔር። ኦፕቶው በጣም ደካማው እንኳ ቢሆን ከዚህ ግማሹን ያስተላልፋል፤ 10 ኪሎ ኦሙን ለመሳብ ደግሞ 0.33 ሚሊ አምፔር ይበቃል። ከረንቱን ከ5 ሚሊ አምፔር በጣም ማሳነስ ይቻል ነበር፤ ግን ፍሎቱ ውስጥ ያለው ኮንታክት በእርጥበት ሲጠቁር በጥቂት ማይክሮ አምፔር አይገናኝም። ሰው በስህተት 24 ቮልት ቢሰጠው ሬዚስተሩ ላይ 0.24 ዋት ይወድቃል፤ ሩብ ዋቱ ጥግ ላይ ስለሚሆን ግማሽ ዋት ተመረጠ።

1ኤን4148ቷ ትንሽ ናት ተብላ አትዘለል። የፒሲ817 ኤልኢዲ በተገላቢጦሽ የሚችለው 6 ቮልት ብቻ ነው። ሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይ) ደግሞ ሁልጊዜ በፕላስ አይመጣም።

የጋዝ ቱቦው 90 ቮልት ቢባልም ፈጣን ሰርጅ ሲመጣ እስኪነድ ድረስ ብዙ መቶ ቮልት ያሳልፋል። ከኋላው ሬዚስተሩ የቆመው ለዚህ ነው፤ በእነዚያ ቅጽበቶች የሚያልፈውን ከረንት ይይዛል። ቱቦው ከነደደ በኋላ በ12 ቮልት መስመር ላይ እየነደደ ሊቀር አይችልም ወይ? አይቀርም፤ ይህን መስመር የሚመግበው ትንሽ ሳፕላይ ቅስቱን ለማቆየት የሚበቃ ከረንት አይሰጥም።

አሁን መመለሻው። ኦፕቶካፕለር ተደርጎ የፍሎቱ 12 ቮልት ግን ከቦርዱ ከራሱ ባትሪ ከተወሰደ፣ ግራውንዱ አንድ ነው፤ ሰርጁ በኤልኢዲው ባይገባ በግራውንዱ ዞሮ ይገባል። መለያየት የሚባለው ሁለቱም ሽቦ ሲለያይ ነው። ስለዚህ ለፍሎቶቹ ቢ1212ኤስ የተባለች ባለ 1 ዋት የተነጠለች ሳፕላይ ገባች። እሷ ደግሞ ጠባይ አላት፦ ጫና ከሌለባት ቮልቴጇ ይወጣል። ሁለቱም ፍሎት ሲከፈት 12 የነበረው ከ15 ቮልት አለፈ። 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በመውጫዋ ላይ ተበየደና 8 ሚሊ አምፔር ሁልጊዜ ይበላል፤ አሁን በ12 አካባቢ ትቆማለች።

ቦርዱ ላይ ያለውን ክፍተት በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የፒሲ817 ሁለት የእግር ረድፎች ርቀት 7.62 ሚሊሜትር ነው። ባለ ቀዳዳ ቦርድ ስንጠቀም በሆዱ ሥር ሁለት ረድፍ የመዳብ ነጥቦች ይቀራሉ፤ ክፍተቱ በነሱ ምክንያት ወደ 3 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ነጥቦቹ በመበየጃ ጫፍ እየሞቁ ተነቀሉ፣ ከዚያ ቦታው በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ታጠበ። ፍላክሱ (የብየዳ ቅባቱ) ሳይታጠብ ቢቀር በክረምት እርጥበት ይዞ ያስተላልፋል።

ሌላው አመክንዮው ነው። የላይኛው ፍሎት ሲዘጋ «ቦታ አለ፣ ሙላ»፤ ሲከፈት «ሞልቷል፣ አቁም» እንዲል ተገናኘ። ሽቦ ቢበጠስ፣ ፊውዝ ቢቃጠል፣ ሬዚስተር ቢሄድ ፓምፑ ይቆማል እንጂ ውሃ አይፈስም። ኃይለኛ ሰርጅ ፊውዙን ሊያቃጥል እንደሚችል ስለምናውቅ ይህ ግዴታ ነው። ለግብዓቱ 34 እና 35 ቁጥር ፒኖች ተመረጡ፤ እነዚህ ውስጣዊ ፑል-አፕ ስለሌላቸው የውጭው 10 ኪሎ ኦም መኖሩ ግድ ነው። ሮቶ ውስጥ ውሃው ሲናወጥ ፍሎቱ ስለሚንቀጠቀጥ ፕሮግራሙ 2 ሴኮንድ ጠብቆ ነው የሚያምነው።

ሚያዝያ 15

ለጋዝ ቱቦው ኧርዝ ፍለጋ። ግድግዳው ሶኬት ላይ የኧርዝ እግር መኖሩ ኧርዝ አለ ማለት አይደለም። ቴስተሩ ኤሲ ላይ ሆኖ ፌዝና ኧርዝ ሲለካ 220 አካባቢ፣ ኒውትራልና ኧርዝ ሲለካ ጥቂት ቮልት መሆን አለበት። እዚህ 90 እና 120 አሳየ፤ እግሩ ከምንም ጋር አልተገናኘም። 1.5 ሜትር የኧርዝ ዘንግ ከሮቶው ሽቦ መግቢያ አጠገብ ተተከለ፣ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተያያዘ። ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ አይጠቅለል። አንድ ሜትር ሽቦ ወደ 1 ማይክሮ ሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው፤ ከረንቱ በማይክሮ ሴኮንድ 100 አምፔር ቢያድግ በየሜትሩ 100 ቮልት ይቆማል። የተረፈውን ሽቦ ለቁንጅና ጠቅልሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር መከላከያውን ያበላሻል።

ሚያዝያ 18

ሪሌው። ኮይሉ 12 ቮልት 400 ኦም፣ 30 ሚሊ አምፔር። 2ኤን2222ኤ ትራንዚስተር ይነዳዋል፣ ቤዙ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ 2.2 ኪሎ ኦም፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም። የመጨረሻዋ ካልኖረች ቺፑ እስኪነሣ ፒኑ ተንሳፍፎ ፓምፑ አንዴ ይነቃና ይጠፋል። ፒን 26 ተመረጠ። 12 ቁጥር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በመነሻ ጊዜ ከፍ ብሎ ከተገኘ የፍላሹ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ማኅደር) ቮልቴጅ 1.8 ይሆንና ቺፑ አይነሣም። ይህን ያላወቀ ሰው «ተቃጠለ» ብሎ ጤነኛ ቺፕ ይጥላል።

ኮይሉ ላይ 1ኤን4007፣ ነጩ ቀለበት ወደ 12 ቮልት። ዳዮዷን ነቅለን በኦሲሎስኮፕ ስናይ ሪሌው ሲለቅ የትራንዚስተሩ ኮሌክተር (ከኮይሉ ጋር የተያያዘው እግር) ከ60 ቮልት በላይ ዘለለ። ትራንዚስተሩ 40 ቮልት ነው የሚችለው። ተገልብጣ ብትበየድ ደግሞ ትራንዚስተሩ በተከፈተ ቁጥር 12 ቮልቱ በሷ በኩል ሾርት ይሆናል፤ መጀመሪያ ትራንዚስተሩ ይሄዳል።

ኮንታክተሩ ነው የበለጠ የሚረብሸው። የ220 ቮልት ኮይሉ ሲቋረጥ የሚረጨው ዝላይ ቺፑን ባይገድልም ሪሴት ያደርገዋል። 100 ኦምና 0.1 ማይክሮ ፋራድ ኤክስ2 (ለ220 ቮልት መስመር የተሠራ) ካፓሲተር በተከታታይ ታስረው ኮይሉ ላይ ተደረጉ። በሪሌው ኮንታክት ላይ ሳይሆን በኮይሉ ላይ። ኮንታክቱ ላይ ሲደረግ ሪሌው ክፍት ሆኖ እንኳ በካፓሲተሩ 7 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፋል፤ ትንሽ ኮንታክተር በዚያ ሳይለቅ ሊንጫጫ ይችላል። ካፓሲተሩ ላይ «ኤክስ2» ተብሎ ካልተጻፈ አይገባም፤ ተራው ሲሞት እሳት ይዞ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት ሰማያዊ ሪሌ ያላቸው ሞጁሎች ኦፕቶካፕለር አላቸው፤ አብዛኞቹ ግን ሁለቱን ኃይል የምታገናኝ ጃምፐር ተሰክቶባቸው ነው የሚመጡት። ጃምፐሯ ካልተነሣችና ለሪሌው የተለየ ኃይል ካልተሰጠው ኦፕቶው ጌጥ ነው።

ግንቦት 2

መብራት ሄዶ ሲመጣ። የቻርጀሩ መግቢያ ላይ፣ ከ1 አምፔር ፊውዝ በኋላ፣ 14ዲ471 ቫሪስተር (ቮልቴጅ ሲዘል የሚያስተላልፍ ዕቃ) ፌዝና ኒውትራል መካከል ገባ። ይህ እስከ 300 ቮልት ኤሲ ይታገሣል። 14ዲ391 የሚባለው 250 ላይ ያበቃል፤ ማታ ጭነት ሲቀንስ መስመሩ 240ን በሚያልፍበት ሰፈር እየሞቀ ያረጃል።

ቫሪስተር ለአጭር ዝላይ እንጂ ለቆየ ቮልቴጅ አይደለም። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራሉ ሲበጠስ ሁለት ቤቶች በ380 ቮልት ላይ ተከታታይ ይሆናሉ፤ ትንሽ ጭነት ያለው ቤት ከ300 በላይ ሊያገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ቫሪስተሩ ያለማቋረጥ ከረንት ያስተላልፋል፤ ፊቱ ፊውዝ ከሌለ ይነድዳል። ለፓምፑ ደግሞ ከ170 በታችና ከ250 በላይ የሚቆርጥ፣ ሲመለስ 3 ደቂቃ የሚያቆይ የቮልቴጅ መከላከያ ከኮንታክተሩ በፊት ገባ። መብራት በመጣ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ሲወጣ ሲወርድ የሚቆየውን ፓምፑም ቻርጀሩም ባያዩት ይሻላል።

ግንቦት 3

የባትሪ መለኪያው አጭር ሥራ ነው፦ 100 እና 18 ኪሎ ኦም ከፋፋይ፣ 0.1 ማይክሮ ፋራድ፣ ፒን 32። 15 ቮልት ሲሆን ፒኑ 2.29 ያያል። ቲቪኤሱ 25 ላይ ሲገታ ደግሞ 3.8 ያህል ይደርሳል፣ ግን በ100 ኪሎ ኦም ውስጥ የሚገባው ከረንት 0.2 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሆነ ውስጠኛው ዳዮድ ይችለዋል። ሌላ ነገር አያስፈልግም። 3.3 ቮልት ዜነር እዚህ ላይ የመጨመር ልማድ አለ፤ ዝቅተኛ ዜነር ግን በደንብ ሳይደርስ ማፍሰስ ስለሚጀምር ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል፣ ባትሪው ደከመ ያሰኛል።

ፒንን በሾትኪ ወደ 3.3 መስመር ማሰርም በሌላ ቦታ ሲያስፈልግ መመለሻው ይታሰብ፤ ኤኤምኤስ1117 ከረንት ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ቺፑ ከሚበላው በላይ ከፒኑ ከገባ መስመሩ ራሱ ከ3.6 ያልፋል፣ አብሮት ያለው ሁሉ ይሞታል።

ግንቦት 6

እጅ። ሰው የስታቲክ ንዝረት የሚሰማው ወደ 3000 ቮልት ሲደርስ ነው፤ ብዙ ቺፕ ደግሞ በሰው አካል መለኪያ የሚፈተነው በ2000 ነው። ስለዚህ ያልተሰማው ንክኪም ይጎዳል፣ በተለይ በበጋ ደረቅ አየር ከናይለን ሹራብ ጋር። የእጅ አንጓ ማሰሪያው ውስጥ 1 ሜጋ ኦም መኖሩ በቴስተር ይለካ፤ ያለ እሱ ሰውየውን ከኧርዝ ጋር በቀጥታ ማሰር ነው። ማሰሪያ ከሌለ ቦርዱን ከማንሣት በፊት ኧርዝ የተደረገ ብረት መንካትና ከወንበር ሳይነሡ መሥራት ይረዳል። ቺፕ በተራ ፌስታል አይያዝ።

ሁለት ፒን ብቻ ያለው መበየጃ ጫፉ ከኧርዝ ጋር ሲለካ በአሥር ቤት የሚቆጠር ቮልት ያሳያል። ቺፕ ሲበየድ ወይ ጫፉ ኧርዝ ይሁን፣ ወይ ከሞቀ በኋላ ተነቅሎ ይበየድ። የላፕቶፕ ቻርጀርም ኧርዝ ካልተደረገ በውስጡ ባሉት ካፓሲተሮች ምክንያት መውጫው በ110 ቮልት አካባቢ ይንሳፈፋል። ከረንቱ ጥቂት ቢሆንም መጀመሪያ የነካው የዳታ ፒን ከሆነ ይበቃዋል። ቦርዱ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ግራውንድ መጀመሪያ፣ ሲለይ ግራውንድ መጨረሻ። የመላኪያና መቀበያ መስመሮቹ ላይ 1 ኪሎ ኦም ገብቷል፤ ቦርዱ ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ሲበራ በነዚያ ፒኖች በኩል ቺፑ ግማሽ ነፍስ እንዳይዘራ።

ግንቦት 11

ሙከራ። ባትሪ ተገልብጦ ለ1 ደቂቃ፦ ከረንት የለም፣ ፊውዝ ደህና። 24 ቮልት በፍሎቱ መግቢያ ለ10 ደቂቃ፦ ሬዚስተሩ ሞቀ፣ ሌላ ነገር የለም። የጋዝ ምድጃ መለኮሻ ብልጭታ በስክሮቹ ላይ 20 ጊዜ፦ አልፏል። ኮንታክተሩ 500 ጊዜ በርቶ ጠፋ፦ ሁለት ሪሴት።

ሪሴቱ የተገኘው በኤን (የቺፑ ማስነሻ) ፒኑ ነው። ከማስነሻ ቁልፉ 6 ሴንቲሜትር ሽቦ ከሪሌው ጎን ያልፍ ነበር፣ 10 ኪሎ ኦም ብቻ ይዞ። ሽቦው ተቆረጠ፣ ቁልፉ ወደ ቺፑ ተጠጋ፣ 1 ማይክሮ ፋራድ ከኤን ወደ ግራውንድ ተጨመረ። እንደገና 500 ጊዜ፦ ዜሮ።

ሰኔ 9

ቦርዱ ከግንቦት 14 ጀምሮ ቦታው ላይ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከበረዶ ጋር መብረቅ ነበር፤ ማታ ፓምፑ አልተነሣም። የላይኛው ፍሎት አንዱ ፊውዝ ጥቁር ሆኗል፣ 2.2 ኪሎ ኦሙ ግን ልክ ነው። ኦፕቶው በቴስተር 1.1 ያሳያል። የጋዝ ቱቦው በዓይን ምንም አይታይበትም፣ ግን ስንት ጊዜ እንደነደደ ስለማይታወቅ ተቀየረ፤ ሁለት መለዋወጫ ከነፊውዞቹ በሳጥኑ ክዳን ውስጥ ተለጥፈዋል። በዳዮድ መለኪያ 34 ቁጥር ፒን 0.52፣ 35 ቁጥር 0.52፣ 32 ቁጥር 0.53። ፊውዙ ገብቶ በ2 ሴኮንድ ፓምፑ ተነሣ።